ቢሽኬክ ምን ልትሠራ?

ሐበሻ ከአገር የሚወጣበት ምክንያት የታወቀ ነው። ወይ ሊማር ነው፣ ወይ ሊታከም ነው፣ ወይ ዕቃ ሊያመጣ ነው፣ ወይ ሄዶ ሊቀር ነው። ከእነዚህ ውጪ የሆነ ሰው ይጠረጠራል። "ዝም ብዬ አየር ልቀይር ነው" ካልክማ ሰው ዓይን ዓይንህን ያይሃል። ብሩን ከየት አመጣው? ሚስቱ ታውቃለች? አሞት ይሆን?

ቢሽኬክ ልሄድ ነው ስል የገጠመኝ ይኸው ነው። መጀመሪያ ቢሽኬክ የት እንዳለች ማስረዳት ነበረብኝ። የኪርጊስታን ዋና ከተማ። ከካዛክስታን በታች፣ ከቻይና በስተምዕራብ። አክስቴ "ስታን" የሚለውን ስትሰማ አማተበች።

"ልጄ፣ እዚያ እኮ ጦርነት አለ!"

"እሱ አፍጋኒስታን ነው እትዬ።"

"ያው ነው። ለመሆኑ ምን አለ እዚያ?"

"ዛፍ።"

ዝም አለች። ነገሩን ላሻሽል ብዬ "ተራራም አለ" አልኩ።

"ታዲያ እንጦጦን ምን ነካው?"

መልስ አልነበረኝም። እውነት ለመናገር እንጦጦ ምንም አልነካውም። ጉዳዩ የገባው በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ለመጣ አንድ ጎረቤታችን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ቢሽኬክ የሚባል ከተማ አያውቅም። ከተማዋ ከ1926 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ፍሩንዜ ነበር ስሟ፤ እዚያው በተወለደው የቦልሼቪክ ጦር አዛዥ በሚካኤል ፍሩንዜ። "ፍሩንዜ በለኛ!" ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስለ ተራራው ያነሳል ብዬ ስጠብቅ ስለ አንዲት ላይብረሪያን ማውራት ጀመረ። ባለቤቱ ከጓዳ ስትወጣ ወሬው ወደ ሶቭየት ግብርና ዞረ።

ዛፉ ግን እውነት ነው። ቢሽኬክ በዛፍ የተሸፈነች ከተማ ናት። መንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ ነው፣ የፎቁ ግቢ ዛፍ ነው፣ መናፈሻው ዛፍ ነው። ኤርኪንዲክ የሚባል ረጅም የእግረኛ መንገድ አለ። መሀሉ ላይ ኦክ ዛፎች ተሰልፈዋል፣ ከሥራቸው አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ስሙ ነፃነት ማለት ነው። በሶቭየት ጊዜ ግን የደህንነቱ መሥሪያ ቤት መሥራች በነበረው በድዘርዝሂንስኪ ስም ነበር የሚጠራው። አግዳሚው ላይ የሚወራው ወሬ በሁለቱ ዘመናት መካከል ሳይለያይ አይቀርም።

ዛፉን የሚያጠጣው ደግሞ የመንገድ ዳር ቦይ ነው። አሪክ ይሉታል። ከተራራው በረዶ ቀልጦ የመጣ ውኃ በከተማው መሀል ኩልል እያለ ይወርዳል። የፕላስቲክ ጠርሙስ አይጠፋበትም፣ ክዳንም የለውም፣ ስልኩን እያየ የሚሄድ ሰው ይገባበታል። ቢሆንም እኔ ቆሜ ነበር የማየው። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ቱቦ ውስጥ ውኃ ሲሄድ ሳይ ይገርመኛል።

እ.ኤ.አ. በ2017 መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ዛፍ ሲቆረጥ የከተማው ሰው ወጥቶ ጮኋል። ለዛፍ! እኛ ጋ ዛፍ ሲቆረጥ የሚነሳው ጥያቄ "እንጨቱን ማን ወሰደው?" የሚል ነው።

ችግሩ አግዳሚው ላይ ነበር። እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። እኛ አገር ምንም ሳይዝ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ወይ ሥራ ፈት ነው፣ ወይ የቀጠረው ሰው ቀርቶበታል። ኪርጊሶቹ ግን ይቀመጣሉ። ሽማግሌው ነጭ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ እጁን በከዘራው ላይ አድርጎ፣ ምንም አይሠራም። አያፍርም። እኔ ግን በየደቂቃው ሰዓቴን አይ ነበር፣ ሰው የምጠብቅ ለመምሰል። ማን እንደሚታዘበኝ እንጃ።

ርካሽ ናት ይባላል፤ ናትም። ደሞዙ በዶላር ለሆነ ሰው። አንድ ዶላር ወደ 87 ሶም ይመነዘራል፣ አንድ ትልቅ ሳህን ላግማን ከአራት ዶላር አይበልጥም። ላግማን በእጅ የተሳበ ረጅም ፓስታ ነው፤ ሥጋና አትክልት ያለው መረቅ ይፈስበታል። የእኛ ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ሒሳቡን በብር መምታት ለጤና ጥሩ አይደለም። እኔ መታሁት። እራት በላሁና መታሁት፣ ከዚያ ቁርሴንም ጨምሬ መታሁት።

ደግሞም ርካሽ ከተማ ይሉኝታ ላለበት ሰው ውድ ነው። ኦሽ ባዛር የሚባል ገበያ አለ። የደረቀ አፕሪኮት፣ ዘቢብ፣ ለውዝ በየዓይነቱ ክምር ነው። ሴትየዋ "ቅመስ" ብላ ትዘረጋልሃለች። ትቀምሳለህ። ከሌላውም ትሰጥሃለች። ሦስተኛውን ከቀመስክ በኋላ "አመሰግናለሁ፣ ደኅና ዋሉ" ብሎ መሄድ ይቻላል? ነጮቹ ሲሄዱ አይቻለሁ። እየሳቁ ሄዱ፣ እሷም እየሳቀች ሸኘቻቸው። እኔ ግን ከቀመስኩት ሁሉ ገዛሁ። ያልቀመስኩትንም ጨመርኩ፣ እንዳይከፋት። ዋጋ ለማስቀነስ የመርካቶውን ዘዴ ሞክሬ ነበር፣ ትቶ የመሄዱን። እንድትጠራኝ ቀስ ብዬ ተራመድኩ። በጣም ቀስ ብዬ። አልጠራችኝም። ተመልሼ በመጀመሪያው ዋጋ ገዛሁ።

የከተማው ዋና አደባባይ አላ ቶ ይባላል። መሀሉ ላይ በፈረስ የተቀመጠው ማናስ ነው፣ የታላቁ የኪርጊስ ተረክ ጀግና። ቦታው ግን የሌኒን ነበር። ሌኒንን የት አደረሱት? የእኛዎቹ በግንቦት 1983 ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ ገንድሰው ጥለውታል። ኪርጊሶች እንዲህ አላደረጉም። በ2003 እ.ኤ.አ. አደባባዩ ላይ ካለው ሙዚየም ፊት አንስተው ከሙዚየሙ ጀርባ አቆሙት። አሁንም እጁን እንደዘረጋ እዚያው ነው። ይኼ ሕዝብ በ2005፣ በ2010 እና በ2020 ሦስት ፕሬዚዳንት ከወንበር አውርዷል። ሌኒንን ግን ከሳሎን ወደ ጓዳ እንደሚዛወር ያረጀ አጎት ነው ያደረገው። እንግዳ ሲመጣ አይታይም፤ ግን ማን ደፍሮ ከቤት ያስወጣዋል?

እዚህ ላይ ነው ያለሁበት የገባኝ። የሸሸሁት ነገር ቀድሞኝ ደርሷል። ከለቅሶ፣ ከሰርግ፣ ከዕድር፣ "ጠፋህ እኮ" ከሚለው ሰው ሁሉ ላርፍ ነበር የመጣሁት። ያረፍኩት ግን ከእኛ የባሰ ሰው የሚያከብር አገር ላይ ነው። አውቶቡስ ስገባ አንድ ጎረምሳ ብድግ አለልኝ። መጀመሪያ ሊወርድ መስሎኝ ነበር። አልወረደም። ቆሞ ወንበሩን ያሳየኛል። ዞር ብዬ ከኋላዬ ሽማግሌ ፈለግሁ። የለም። አገሬ ላይ "ኖር" ሲሉኝ "በእግዜር" ብዬ የምቀመጥ ሰው ነኝ፣ ግን ሲሉኝ ቢያንስ ያውቁኛል። ይኼ ልጅ የት ያውቀኛል? ተቀመጥኩ። ፂሜን በዚያው ሳምንት ተላጨሁት።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ደግሞ ሻይ ጠሩኝ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ በእንግሊዝኛ የምታስተረጉመው እሷ ነች። እኔን "ባይኬ" ትለኛለች፤ ጋሼ እንደማለት ነው። እናትየዋን "ኤጄ" እላለሁ፤ እትዬ እንደማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ቦታ የለም። ቦርሶክ የሚባል በዘይት የተጠበሰ የሊጥ ቁራጭ ሳህን ሳይኖረው ጨርቁ ላይ ተበትኗል፣ በመካከሉ ጃም፣ ቅቤ፣ ከረሜላ፣ ለውዝ። ዳቦውን ገልብጬ ሳስቀምጥ ልጅቷ ሳታሳፍረኝ ቀና አደረገችው። ዳቦ በጀርባው አይተኛም።

ከዚያ ሻይ ተቀዳ። ግማሽ ሲኒ። ግማሽም አይሞላ። እኔ ቤት እንዲህ ተቀድቶ ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ቡና በእኛ አገር ሲኒው ሞልቶ ማስቀመጫው ላይ ጠብ ካላለ ስስት ነው። በሆዴ "ስኳር ተወዶ ይሆን?" አልኩ። ጠጣሁ። ወዲያው ሌላ ግማሽ። ጠጣሁ። ሌላ ግማሽ። ለካ ትንሽ ትንሽ የሚቀዳው አስተናጋጇ ደጋግማ እንድትቀዳልህ፣ ሻይህም እንዳይቀዘቅዝ ነው። ሲኒህ ሞልቶ ከመጣ "በል እንግዲህ ደኅና እደር" ተብለሃል። ይኼን ከሰማሁ በኋላ ሲኒዬን ስሰጥ ዓይኔ ከእጃቸው አልተነቀለም። በስድብ ሳይሆን በሻይ መጠን ሰው የሚሸኝ ሕዝብ ጨዋነቱ ያስፈራል።

ሥጋው ሲመጣ ግን ቤቴ ገባሁ። የተቀቀለ በግ ነው፣ አጥንቱ በማዕረግ ይታደላል። ትልቁ አጥንት ለትልቅ ሰው፣ የበጉ ጭንቅላት ለክቡር እንግዳ። ዶሮ በ12 ብልት አውጥቶ ፈረሰኛውን ለአባወራ የሚሰጥ አገር ልጅ ይኼን ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም። ጭንቅላቱ ወደ እኔ እንዳይመጣ ብቻ ነበር ጸሎቴ። አልመጣም፣ አጎታቸው ስለነበሩ ለእሳቸው ሆነ። በአክብሮት ተሸነፍኩ፣ ደስ ብሎኝ።

በመጨረሻ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ተመረቀ፣ ፊቱን ዳበሰ። እኔ ላማትብ የጀመርኩትን እጅ መሀል ላይ አጥፌ ፊቴን ዳበስኩ። ስነሳ ኤጄ በፌስታል ሥጋና ቦርሶክ ጠቅልለው አስያዙኝ። "ኧረ በፍጹም!" አልኩ። ልጅቷ ደነገጠች። ከድግስ የተረፈውን ለቤተሰብ መያዝ እዚያ ወግ ነው፣ በሰርጋቸውም ላይ እንግዳው ሁሉ ፌስታሉን አንጠልጥሎ በዋናው በር ይወጣል። እኛም እንይዛለን እኮ። ግን በሶፍት ጠቅልለን፣ በቦርሳ ጥግ፣ ካሜራ ማኑ ሲዞር።

ተራራውን ባጭሩ ልጨርሰው። አላ አርቻ ብሔራዊ ፓርክ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልቁ ጫፍ 4,895 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሽንን ከ300 ሜትር በላይ ይበልጠዋል። መኪናው የሚቆምበት ቦታ ግን 2,100 ሜትር አካባቢ ነው። አብረውኝ የመጡ ፈረንጆች ወርደው "አየሩ ሳሳ" እያሉ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ከአዲስ አበባ ስታዲየም የሚያንስ ከፍታ ላይ! ደረቴን ነፍቼ ቀደምኳቸው። ከየት እንደመጣሁ ሲያውቁ "አትሌት" አሉኝ። ሩብ ሰዓት ያህል አትሌት ነበርኩ። ከዚያ ሻርፕ ያሰሩ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን እየጎተቱ አለፉኝ። የጫማዬን ክር ጎንበስ ብዬ ማሰር ጀመርኩ። ክር የሌለው ጫማ ነበር። በነገራችን ላይ ታኅሣሥና ጥር ላይ አትሂዱ፤ ከተማው በከሰል ስለሚሞቅ ጭሱ ተራራውን ይሸፍነዋል።

ኤርኪንዲክ ላይ ደግሞ አንድ ቀን እንደ አገሬው ምንም ሳልይዝ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ አጠገቤ አረፉ። ከየት ነህ አሉኝ። ነገርኳቸው።

"ኤፊዮፒያ! ፑሽኪን!"

ሶቭየት ትምህርት ቤት የተማረ ሰው የታላቁ ገጣሚ ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል ከአፍሪካ እንደመጣ ያውቃል፣ ብዙዎቹም ከሐበሻ ምድር ነው ብለው ነው የተማሩት። ካሜሩን ነው የሚሉ አጥኚዎችም አሉ። እኔ ግን እዚያ አግዳሚ ላይ የካሜሩንን ጉዳይ የማነሳበት ምክንያት አልታየኝም። ለእኔ ፑሽኪን ሳር ቤት ጋ ታክሲ የሚጨናነቅበት አደባባይ ነው። "አዎ፣ የእኛ ነው" አልኩ።

ሴትየዋ ተነስተው ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው ግጥሙን በሩሲያኛ ያወርዱት ጀመር። ቆንጆ ነው። አላለቀም። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። በል አንተም በቋንቋህ ቀጥል ማለታቸው ነው። ዘመዴ ነው ብያለሁ። አሁን "ግጥም አላውቅም" ማለት የአገር ስም ማጥፋት ነው። ተነሳሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"አበበ በሶ በላ" አልኩ፣ ረጋ ብዬ፣ ዓይኔን ወደ ተራራው አድርጌ። "ጫላ... ጩቤ... ጨበጠ።"

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀጥሎ ካለው አግዳሚ ጓደኞቻቸውን ጠሩና እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ደገምኩ። "ጨበጠ" ላይ ድምፄን ትንሽ አንቀጠቀጥኩት።