ጉልበቱ ያበጠው ልጅ በየትኛው መዝገብ ይቆጠራል?

የጎረቤታችን ልጅ 16 ዓመቱ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ ኳስ ሲጫወት ወደቀ፤ ጉልበቱ አበጠ። እናቱ ወለምታ መስሏት ወጌሻ ጋር ወሰደችው። በቅቤ ታሸ፣ በጨርቅ ታሰረ። ሕመሙ ግን ሌሊት ሌሊት እየባሰበት ሄደ። ራጅ የተነሣው በአምስተኛው ወር ነው። እናቱ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥታ ስታየው አጠገቧ ነበርሁ፤ የጭኑ አጥንት ታችኛው ጫፍ ነቀዝ የበላው እንጨት ይመስላል። በኋላ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር የአጥንት ሳርኮማ ሆኖ ተገኘ።

ሳርኮማ ከአጥንት፣ ከጡንቻ፣ ከስብና ከመሰል አካላት የሚነሣ ካንሰር ነው። በአዋቂዎች ከሚታየው ካንሰር 1 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን በልጆች ላይ ግን ድርሻው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የአጥንቱ ዓይነት በተለይ ቁመት በሚመዘዝበት ዕድሜ ይበረታል፤ የሚወደውም ቦታ የጉልበት ዙሪያ ነው። ሴቶች ልጆች ቀድመው ስለሚያድጉ ቀድመው ይያዛሉ፣ በጠቅላላው ግን ወንዶች ይበዛሉ። ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ እንደገና ብቅ ይላል። ኳስ ተጫዋች ልጅ ሁሉ ጉልበቱን ይመታል፤ ስለዚህም ነው በሽታው ከጉዳት ጀርባ ተደብቆ የሚያድገው።

የዘር ሐረግም ልዩነት ያመጣል። ዩዊንግ የሚባለው ሳርኮማ በአውሮፓውያን ልጆች ላይ የታወቀ ሲሆን የአፍሪካና የምሥራቅ እስያ የዘር ሐረግ ባላቸው ላይ እጅግ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከማሕፀን ጡንቻ የሚነሣው ሳርኮማ ከነጭ ሴቶች ይልቅ በጥቁር ሴቶች ላይ ይበዛል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህን ቁጥር እንዳለ ገልብጠን ለራሳችን ስንወስደው ነው። እዚያ «ጥቁር» በሚለው አንድ ሣጥን ውስጥ ከጎንደር የሄደ ልጅና አያት ቅድመ አያቶቹ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ልጅ አብረው ይቆጠራሉ። የሁለቱ የዘር ሐረግ ግን የተራራቀ ነው። «አፍሪካውያንን አይዝም» ብሎ የተማረ ሐኪም የአንዱን ልጃችንን በሽታ ሊያልፈው ይችላል። ብርቅ ማለት የለም ማለት አይደለም።

መቁጠር እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠን በጀመረች ከተማ፣ በጎንደር ነው የምንኖረው። በሰሜን ጎንደር ባለችው ዳባት ወረዳም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞት ይመዘግባሉ። የአዲስ አበባው የካንሰር ምዝገባም እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር የከተማዋን ነዋሪዎች ይዞ ነው። የጎንደርና የዙሪያዋ ሕዝብ ካንሰርም በዚያው መልክ መመዝገብ አለበት እላለሁ።

የሆስፒታል ካርድ መደመር ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ ከአንድ የገጠር ቤት ወንዱ ልጅ ጎንደር ድረስ ተወስዶ ሲታከም እኅቱ ጠበል ብቻ ተጠምቃ እቤት ከቀረች፣ ካርዱ «በሽታው ወንዶችን ያጠቃል» ይለናል። ይህ ግን የበሽታው ጠባይ ሳይሆን የመንገዱ፣ የገንዘቡና የእኛ ምርጫ ነው። ስለዚህ ካርድ ያወጣውን ብቻ ሳይሆን ያላወጣውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ቤት ለቤት የሚዞሩት የዳባት መዝጋቢዎች ልምድ ይጠቅማል።

ዘር የሚለውን ቃል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በዚህ ዘመን «ዘርህ ምንድን ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ በሽተኛ ቢፈራ አልፈርድበትም። ስለዚህ የብሔር ስም አይጠየቅ፤ አራቱ አያቶቹ የተወለዱበት ወረዳ ይጠየቅ፣ መልሱም በምስጢር ይያዝ። ለሳይንሱም ቢሆን ይኸኛው ይሻላል።

ልጁ አሁን ለሕክምና አዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ የታየበት ጤና ተቋም የሰጠው ካርድ እናቱ ዘንድ አለ። ዕድሜ 16፣ ጾታ ወንድ፣ አድራሻ አዘዞ ይላል። በሽታው በሚጻፍበት መስመር ላይ ያለው «የጉልበት እብጠት» ነው፤ ሌላ ምንም አልተጻፈበትም።