እርማት፦ የአደባባይ ጥሪው በዩክሬን አልተጀመረም

ወንድሜ፣ ትናንት ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን «ለጦርነት ሕዝብን በአደባባይ እርዱን ማለት ዩክሬን ያመጣችው ነው» ብለህ ድርቅ ያልከው ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ቢቢሲ የአውሮፓን ባሕር ዳርቻ የሚያሳይ የሽርሽር ፎቶና ፖስትካርድ ያላችሁ ላኩ ብሎ ለፈፈ። በሚሊዮን የሚቆጠር ጎረፈ። አንዲት እናት አሸዋ ላይ ፈገግ ብላ የተነሳችው ፎቶ፣ ለስለላ ሠራተኛው ከኋላዋ ያለውን ገደልና መውጫ መንገድ ያሳየዋል። (እሷ ምን በወጣት!) እንግሊዝና አጋሮቿ ጀርመን በያዘችው የፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ያረፉበት የኖርማንዲው ዘመቻ ሲታቀድ ይህ መረጃ ጠቅሟል።

የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2022 የዩክሬኑ ሚኒስትር ፌዶሮቭ ስታርሊንክ የተባለውን የሳተላይት ኢንተርኔት እንዲሰጣቸው ኢሎን መስክን በትዊተር ጠየቁ፤ በሰዓታት ውስጥ «ተከፍቷል» ተባሉ። አሁንማ ዩክሬናዊው በመንግሥት መተግበሪያ ማንነቱን አረጋግጦ፣ ያየው ታንክ የት እንዳለ በቴሌግራም ይጠቁማል።