ጥርስዎን ነጣ ላድርገው?

ባለፈው ሳምንት ጉርድ ፎቶ ለመነሳት እዚህ ጎንደር ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። የመጨረሻ ልጄን የሚያህለው ፎቶ አንሺ «ፈገግ ይበሉ» ብሎ ካሳቀኝ በኋላ፣ ምስሌን በኮምፒውተሩ ላይ አጉልቶ ጥቂት ተመለከተና፣ «ጋሼ፣ ጥርስዎን ነጣ ላድርገው?» አለኝ። ሽበቴንና የግንባሬን ሽብሽብ አልፎ ጥርሴ ላይ ማረፉ ገርሞኝ «ምን ሆነና?» ብለው፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቡና ያበዛሉ መሰለኝ» ሲል መለሰልኝ። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን በኖረች ከተማ፣ ስለ ጥርሴ የመጀመሪያውን ምክር የሰጠኝ ፎቶ አንሺ መሆኑ ነው።

ልጁ አልተሳሳተም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። ምራቅ በጥርስ ላይ ስስ ሽፋን ያለብሳል፤ ቡና ውስጥ ያለው ታኒን በዚያ ሽፋን ላይ እየተጣበቀ ውሎ አድሮ ጥርስን ያበልዛል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ እኔ ብሆን ግን ጥርስን ሦስተኛ አድርጌ እጨምርበት ነበር። ሲኒም እንደ ጥርስ ይበልዛል፤ እርሱ ግን ከእያንዳንዱ ቡና በኋላ ይታጠባል። ጥርስ እንደ ሲኒ የሚያጥበው ቢያገኝ ኖሮ እኔም ፎቶ ቤት ባልተዋረድኩ።

አያቴ ለዚህ ጣጣ መላ ነበራት። እንደ ዘመኗ ሴቶች ድዷን ተነቅሳ ስለነበር፣ የጥቁር ሰማያዊው ድድ ጥርሷን ወተት አስመስሎት ይታይ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ በኮምፒውተር የሚሸጠውን ጥበብ እርሷ በእሾህና በጥላሸት አንድ ጊዜ ተነቅሳ ዕድሜ ልኳን ፈገግ አለችበት። ቡናዋንም በጨው ነበር የምትጠጣው፤ ጨው ቢያንስ ጥርስ ለሚበሉ ባክቴሪያዎች ቀለብ አይሆንም።

እዚህ ላይ የቆየ ቂሜን ሳላነሣ አላልፍም። ቡና ጥርስን ያበልዛል እንጂ አይቦረቡርም፤ የሚያስቦረቡረው ስኳሩ ነው፤ ስኳሩን የሚጨምሩልኝ ደግሞ ጎረቤቴ እትዬ ናቸው። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት «እትዬ፣ ለእኔ ያለ ስኳር» እያልኩ ለምኛቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት «እሺ» ብለውኛል። ነገር ግን ቡናው ሳይቀዳ ስኳሩ አስቀድሞ በሲኒው ሥር ተኝቶ ይጠብቀኛል። ስነጫነጭ «ኧረ በሞቴ! መራራ ቡና ሰጠችው ልባል? አፈር ስሆን ጠጣ» ይሉኛል። አፈር ሆነው ከሚጠጣ ስኳር ማን ያመልጣል?

ለአንድ ሲኒ ሁለት ማንኪያ፣ ለሦስት ሲኒ ስድስት ማንኪያ፣ በግምት 24 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው ስኳር ከ25 ግራም ገደማ ባያልፍ ይመርጣል፤ እኔ ግን ቄጠማው ላይ በአንድ ቁጭታ ጨርሼዋለሁ። ከመጠኑ የሚብሰው ድግግሞሹ ነው። አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን በልተው አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱም ግማሽ ሰዓት ያህል ጥርስን ሲያጠቃ ይቆያል። ምራቅ አቦሉን ጠራርጎ ነገሩን ሊያበርድ ሲል ቶናው ይቀዳል፤ ከቶናው ሳያገግም በረካው ይደርሳል። በረካን ትቶ መነሣት ደግሞ ምርቃት ረግጦ እንደ መውጣት ይቆጠራል። እንግዲህ ጥርሴ የሚያልቀው በምርቃት ነው! ይህን ሳስብ ቀልዱ ይጠፋብኛል፤ እንግዳን ማክበር ማለት እንግዳው የጠየቀውን አለመስማት የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

የባለቤቴ ወንድም በበኩሉ ሌላ መላ አግኝቻለሁ ይላል፤ ቡናውን እንደጨረሰ በከሰል ዱቄት ጥርሱን ይፈገፍጋል። ጥርስ አሲድ በነካው ቅጽበት የላይኛው ሽፋኑ ስለሚላላ፣ አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ ግማሽ ሰዓት መታገሥ እንደሚሻል ብነግረው ሳቀብኝ። ያ ሽፋን አንዴ ካለቀ አይተካም፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ቢጫ ነው። ነጩን ፍለጋ ፍቆ ፍቆ ቢጫው ላይ ሊደርስ ነው፤ እኔን «ጥርስህን አትንከባከብም» እያለ።

ወደ ፎቶ አንሺው ልመለስ። ልጁ ቡናዬን ሲከስ አንድ ጠርሙስ ኮላ ከጎኑ አስቀምጦ ይጎነጭ ነበር። በፒኤች መለኪያ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይብሳል፤ ቡና 5 አካባቢ ሲሆን ኮላ 2.5 አካባቢ ነው። የጥርስ ሽፋን መሟሟት የሚጀምረው ከ5.5 በታች ስለሆነ ቡናዬን ነጻ አላወጣውም፤ ከሳሹ ግን ከተከሳሹ የባሰ ነበር። ይህን ሁሉ ልነግረው አፌን ስከፍት ጥርሴን እንዳያየው ፈርቼ መልሼ ዘጋሁት፤ «እንዳለ ተወው» ብዬም ወጣሁ።

ፎቶውን እስካሁን አልወሰድኩትም። ዛሬ ልሄድ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ እትዬ በአጥሩ በኩል «ቡናው ደርሷል!» ብለው ተጣሩ።