ምላሱን ላወጣው ዘበኛችን

ሰሞኑን ጎጃም ውስጥ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ አንድ ትምህርት ቤት በዓመቱ መዝጊያ ሪባን ቆርጧል። የተቆረጠው ለአዲስ ክፍል አይደለም፤ ለሥዕል ነው። ምላሱን ያወጣው አንስታይን በቤተ ሙከራው የብረት በር ላይ በዘይት ቀለም ተስሎ ተመረቀ። በሩ ግን አልተከፈተም። ሪባኑም የታሰረው ጓጉንቸሩ ላይ ነበር።

እንዲህ ያለውን ማስተዋል እንዴት አናመስግን? ዘበኛ እኮ ነው የቀጠሩልን። ደመወዝ አይጠይቅ፣ ጋቢ አይፈልግ፣ ሌሊት አያንቀላፋ፣ ለልቅሶ ፈቃድ አይወጣ። "ገብቼ ልሞክር" የሚል ተማሪ ብቅ ሲል መልሱን ከሩቅ ያሳየዋል፤ ምላሱን። ሰውየው ያን ፎቶ የተነሣው በፈረንጆች ማርች 14 ቀን 1951፣ በ72ኛ ዓመት ልደቱ ዕለት፣ ፎቶ አንሺዎች "ፈገግ በል" እያሉ ቢያሰለቹት ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ቋሚ የሥራ መደብ አገኘ። በሚቀጥለው ግምገማ "ያስገባው ሰው 0፣ በእሱ ዘመን የተሰበረ ብልቃጥ 0" ተብሎ ከፍተኛውን ነጥብ ማግኘቱ አይቀርም። ፊሽካና መታወቂያ ቢጨመርለትም አይበዛበትም። በምሳ ሰዓት እንኳ ምላሱን አይሰበስብም! ስጋታችን አንድ ብቻ ነው፦ ክረምቱ ገብቶ ቀለሙ ሲላጥ መጀመሪያ የሚረግፈው ምላሱ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ተማሪ ሊደፍረን ነው።

የክብር እንግዳውም ንግግር አድርገዋል። የክብር እንግዳ ሁሉ የሚያደርገውን ንግግር። ኒውተን ፖም አናቱን መታው፣ ወዲያው የስበት ሕግ ተገለጠለት፤ አንስታይን ሒሳብ ይወድቅ ነበር፤ ጭብጨባ። ኒውተን በሸመገለ ጊዜ፣ በ1726፣ ለወዳጁ ለስቱክሊ ያወጋው ፖም ሲወድቅ ማየቱን ነው፤ በወሬው ውስጥ አናት የሚባል ነገር የለም። ከዚያች ፖም የስበት ሕጉን እስካሳተመበት መጽሐፍ፣ እስከ 1687ቱ ፕሪንሲፒያ ድረስም 20 ዓመት ያህል አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። አንስታይን ደግሞ 15 ዓመት ሳይሞላው ካልኩለስ የሚባለውን ከፍተኛ ሒሳብ ጨርሶ ነበር። በ1895 የዙሪክ ፖሊቴክኒክን መግቢያ ፈተና አለማለፉ እውነት ነው፤ የጣለው ግን ሌላው ትምህርት እንጂ ሒሳብና ፊዚክስ አይደለም። ይሁን፤ ሐሰቱ ይሻላል። ሒሳብ የወደቀው ልጅ ይጽናናል፣ ያላስተማረውም መምህር አብሮ ይጽናናል።

ጓጉንቸሩስ ቢሉ ምክንያት አለው። ዕቃው ከንብረት ክፍል የሚወጣው ሞዴል 22 በሚባለው የዕቃ ማውጫ ቅጽ ነው፤ የፈረመ ሰው ሌንስ ቢሰበርበት ከደመወዙ ይቆረጣል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው አይፈርምም። ያልተነካ ሌንስ አይሰበርም፤ ከኒውተን ሦስት ሕጎች ቀጥሎ አራተኛ ሆኖ ሊመዘገብልን የሚገባው ይህ ነው።

"የተሟላ ቤተ ሙከራ ስለሌለን ነው" የሚሉም አሉ። ማሪ ኩሪ ጣሪያው በሚያፈስ ሼድ ውስጥ፣ ቁመቷን በሚያህል የብረት ዘንግ የማዕድን ዝቃጭ ስታማስል ኖራ በ1902 ዓመት፣ 0.1 ግራም ራዲየም ክሎራይድ አወጣች። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የዘረዘረው መሣሪያማ ለእኛ የተለካ ይመስላል፦ ርዝመቱ 12 ክንድ፣ ወርዱ ግማሽ ክንድ፣ ውፍረቱ ሦስት ጣት የሆነ እንጨት፤ በእሱም ላይ አንድ ጣት የምታህል ቦይ፣ ቦይዋ ደግሞ በለሰለሰ ብራና የተለበጠች። ድቡልቡል ነሐስ እያንከባለለ፣ ጊዜውን ከቀጭን ቱቦ በወረደ ውሃ እየመዘነ፣ መቶ ጊዜ ደጋገመው። ክንድም ጣትም አለን፤ ብራና ከጎጃም ገዳማት በላይ ማን ይፍቃል?

ብራናው ቢቀር ቀርከሃ አለ። ከእንጅባራ የመጣ 4 ሜትር ቀርከሃ ለሁለት ይሰነጠቅና የውስጡ አንጓ በመሮ ተነቅሎ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ በነሐሱ ፈንታ የምትንከባለለው ብይ ናት። አንጓው ላይ የቀረች ጉብታ ብይዋን ታዘልላታለች፤ መሐሉም እንዳይረግብ ከሥር ይደገፋል። አንዱን ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ማንሣት ነው፤ ብይዋ በ5 ሰከንድ ገደማ ትወርዳለች። አንድ ሜትር ካነሡት ግን በ2 ሰከንድ ታልቅና የጣት መዘግየት ልኩን ይውጠዋል። ብይዋን በእጅ መልቀቅም አይሆንም፤ ጣት ሳያውቀው ይገፋል። በማስመሪያ ገድቦ ማስመሪያውን ወደ ላይ መሳብ ነው። የመጀመሪያዋን 1 ሜትር በ2.5 ሰከንድ የሄደች ብይ፣ 4ቱን ሜትር የምትጨርሰው በ10 ሳይሆን በ5 ሰከንድ መሆኑን ልጁ ራሱ ያየዋል፦ ጊዜው እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ። ሰዓቱ በየኪሱ ስልክ ውስጥ አለ። ሞዴል 22 አያስፈልግም።

ይህ እኮ ጎጃም ነው! ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የተቀመጠ የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ጉባኤ ቃና ዛሬ ደግሞ ቢያመጣ ማን ይሰማዋል? በባዶ ሆዱ ጥግ ይዞ የራሱን ይቆጥራል፤ ሲስት የኔታ ያርሙለታል፤ ነገ ደግሞ አዲስ። ፊዚክስ ላይ ስንደርስ የሰው ስምና የሰው ቀመር መሸምደድ ዕውቀት ሆነ። ሌንሱን ካርቶኑ ውስጥ ሻጋታ ይበላዋል፤ ብይ አንከባልሎ የማያውቅ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲወድቅ "የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው" ይባላል። ቆልፈው የሰደቡት እነማን ናቸው? ልጁ አይደለም ሰነፉ።

ለማንኛውም ኮሚቴው ሥራ አላቆመም። ለከርሞ የንብረት ክፍሉ በር ላይ ጋሊሊዮ እንዲሳል ተወስኗል። የዘገየው፣ ሰውየው ምላሱን አውጥቶ የተነሣው ፎቶ እስኪገኝ ነው አሉ።