የጋለው ብረት፦ ምሥጢረ ሥጋዌን ለልጆች በምን እናስረዳ?

የክርክሩ መነሻ፦ ባሕር ዳር ያለች አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች የምሥጢረ ሥጋዌ፣ ማለትም የእግዚአብሔር ቃል ሥጋን ተዋሕዶ ሰው የሆነበትን ምሥጢር፣ ትምህርት አዘጋጅታለች። በትምህርቱ ውስጥ «ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ እሳት ይሆናል፤ ሥጋም እንዲሁ በተዋሕዶ ከበረ» የሚል አለ። ደብረ ማርቆስ ያሉ አንድ መሪጌታ፣ የትርጓሜ መምህር፣ ምሳሌው እንዲወጣ ጠይቀዋል።

መሪጌታው፦

ማረሻ ሲሳል ያየ ሰው «ብረት እሳት ይሆናል» አይልም። ወናፉ እየነፋ ከሰሉ ሲነድ ማረሻው ይቀላል፣ ያበራል፣ ይፋጃል፤ ብረትነቱ ግን እንዳለ ነው። እሳት ሆኖ ቢሆን ጉጠቱ ምኑን ይይዘዋል? መዶሻውስ ምኑ ላይ ያርፋል? ልጅ «ይሆናል» ሲባል የሚታየው እንጨት ዐመድ ሲሆን ነው። ይህ ውላጤ፣ ተለውጦ ሌላ መሆን ነው፤ መናፍቁ አውጣኪ የተወገዘበት። አባቶች ያለ ውላጤ፣ ያለ ሚጠት (መመለስ)፣ ያለ ቱሳሔ (መቀላቀል)፣ ያለ ቡዓዴ (መለየት) ብለው ያጠሩትን አጥር በአንድ ግስ ማፍረስ ነው።

ደግሞም ብረቱ እሳት ሳይነካው በፊት ብረት ሆኖ የኖረ ነው። የጌታ ሥጋ ግን ለብቻው የቆመበት ቅጽበት የለም፤ በእመቤታችን ማሕፀን መፀነሱና መዋሐዱ አንድ ጊዜ ነው። ይህ ያልተነገረው ልጅ «መጀመሪያ ሰው ነበረ፣ ኋላ መለኮት አደረበት» ብሎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ንስጥሮስ የተወገዘው በምን ሆነና? ብረት ደግሞ ውኃ ሲነካው ይበርዳል። መለኮት ግን ከሥጋው በመስቀልም በመቃብርም የዓይን ቅጽበት ታህል አልተለየም። ልጁ «መቼ በረደ?» ቢልሽ ምን ትመልሽለታለሽ ልጄ? ያለቀሰው ሥጋው ነው፣ አልዓዛርን ያስነሣው መለኮቱ ነው ብሎ በቀጥታ ማስተማር እያለ ብረት መጎተት ምን ያስፈልጋል?

መምህርቷ፦

የኔታ፣ የጋለ ብረት ከእኔ የወጣ ምሳሌ አይደለም፤ የአባቶች ነው። የእስክንድርያው ቄርሎስም ኢሳይያስ በምዕራፍ 6 ያየውን ፍሕም ለዚሁ ምሥጢር ተናግሮበታል። በውዳሴ ማርያምም እመቤታችንን ፍሕመ እሳት የተሸከመች የወርቅ ጽና (የዕጣን ማጠኛ) እንላታለን። ልጆቹ ጽናውን በየቅዳሴው ያዩታል። ታዲያ ፍሕሙም ዐመድ ይሆናልና ከጸሎቱ ይውጣ ልንል ነው?

«ይሆናል» ላይ ይህን ያህል ተቆጡ። ዮሐንስ 1፥14 «ቃል ሥጋ ሆነ» ይላል። ወንጌላዊውም ውላጤ አስተማረ ማለት ነው?

አሠራሩንም ልንገርዎት። ብረቱ መጀመሪያ አይመጣም። አስቀድሞ «ማን?» ብለን እንጠይቃለን፤ መልሱ ከአብ ጋር የነበረው ቃል ነው። ቀጥሎ «ምን ነሣ?» እንላለን፤ ሥጋ ብቻ ሳይሆን የምታውቅ ነፍስም ነሥቷል፤ እንዲህ ያለ ነፍስ አልነሣም ያለው አቡሊናርዮስ የሳተው እዚህ ላይ ነው። ብረቱ የሚመጣው «እንዴት ተዋሐደ?» ስንል ነው። ትምህርቱ የሚበላሸው መምህሩ ከብረቱ ሲጀምር ነው፤ ያኔ ልጆቹ ሁለት ነገር መንገድ ላይ የተገናኘ ይመስላቸዋል።

መሪጌታው፦

ወንጌላዊው «ሆነ» ብሎ አላቆመም። «በእኛም አደረ» ብሎ አስከተለ። «ሆነ» ማለቱ ኅድረትን (በሌላ ሰው ላይ ማደርን) ያፈርሳል፣ «አደረ» ማለቱ ውላጤን ያፈርሳል፤ ትርጓሜ ቤት ከመጀመሪያ የምንማረው ይህን ነው። ያንቺ «ይሆናል» ግን ለብቻው ተጥሏል፤ የሚጠብቀው የለም። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ወንጌሉን አይደለም ይዞ የሚሄደው፣ ያችን ዐረፍተ ነገር ነው። ቤቱ ገብቶ «ሥጋው እሳት ሆነ» ቢል እናቱ ምን ትላለች? እኔን «ተቆጡ» ትይኛለሽ። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። በዚህ ሀገር ሰው በአንዲት ቃል ተለያይቷል፤ ቃል ቀላል ነገር አይደለም።

መምህርቷ፦

ቃል ቀላል ካልሆነ የእርስዎንም ቃል እንይ። «ያለቀሰው ሥጋው፣ ያስነሣው መለኮቱ» ብለዋል። የኔታ፣ ይህ የማን አነጋገር ነው? የሮሙ ጳጳስ ልዮን እ.ኤ.አ. በ449 በላከው ጦማር አንዱ በተአምራት ያበራል፣ ሌላው መከራን ይቀበላል ብሎ ሥራውን ለሁለት ከፈለ፤ በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ያጸደቀው እርሱን ነው። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ዲዮስቆሮስ የተጋዘው ይህን አልቀበልም ብሎ ነው። ዮሐንስ 11ን ያንብቡ፤ በቁጥር 35 ያለቀሰውም በ43 የተጣራውም አንዱ ኢየሱስ ነው። ምዕራፍ 9፥6 ደግሞ ይብስ ይገልጠዋል፦ ምራቁን ወደ መሬት እንትፍ አለ፣ ጭቃ አደረገ፣ የዕውሩን ዓይን ቀባው። ምራቅ የሥጋ ነው፣ ማብራት የመለኮት ነው፤ ጭቃው ግን አንድ ነው። ከየትኛው ጎን ይከፍሉታል?

ብረቱን ያልተውኩበትንም ምክንያት ልንገርዎት። እኛ ጎጃም ነን። ልጆቹ «በቅብዐት ከበረ» የሚለውን፣ ሥጋን ያከበረው ተዋሕዶ ሳይሆን የመንፈስ ቅዱስ መቀባት ነው የሚለውን ትምህርት፣ ሰምተው ነው የሚመጡት። ብረት የሚግለው በራሱ በእሳቱ ነው፤ በመካከል ዘይት የቀባው የለም። ሥጋም የከበረው በራሱ በቃል ተዋሕዶ ነው። ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ካለዎት ይስጡኝና ብረቱን ዛሬውኑ እተወዋለሁ።

መሪጌታው፦

ልዮን ተባልኩ! ዕድሜዬን ሙሉ ሃይማኖተ አበው ስተረጉም ኖሬ በመጨረሻ ከልዮን ጋር ተቆጠርኩ። ይሁን።

ቅብዐትን ግን ለሕፃናት መክፈት ድፍረት ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው ነገሩ ተቆርጧል። ዛሬ ክፍል ውስጥ ብታነሺው ከልጆቹ ግማሹ አያቱን መናፍቅ ብሎ ቤቱ ይገባል። ደግሞስ «በመካከል የቀባው የለም» ካልሽ በኋላ ልጁ መዝሙር 44፥7 ላይ «ቀብአከ» (ቀባህ) የሚለውን ሲያነብ፣ የሐዋርያት ሥራ 10፥38 ላይ «እግዚአብሔር በመንፈስ ቅዱስ ቀባው» የሚለውን ሲያገኝ ምን ሊሆን ነው? መቀባቱ መዋሐዱ እንደ ሆነ ሳይፈታ ብረቱን ያየ ልጅ መጽሐፉ የዋሸው ይመስለዋል። መጀመሪያ ንባቡ፣ ከዚያ ትርጓሜው፣ ምሳሌው በመጨረሻ። ይህ ቅደም ተከተል ካልተጠበቀ በጽናም ቢሆን በብረትም ቢሆን ትምህርቱ አይጸናም።

መምህርቷ፦

ሁለቱ ንባቦች ይገባሉ፤ ከብረቱ በፊት ይሆናሉ። በሚቀጥለው እሑድ በሚነበበው ላይም «እሳት ይሆናል» ቀርቶ «ብረቱ ጋለ» ተብሏል።

አያቱን መናፍቅ ብሎ የሚገባ ልጅ እንዳይኖር የምፈራው ከእርስዎ እኩል ነው። ነገር ግን ያልነገርነውን ሌላ ሰው ይነግረዋል፤ ያኔ ልጁ ለመጠየቅ ወደ እኛ አይመጣም። ጭቃውን ደግሞ ሳይመልሱልኝ አልፈዋል፤ አሁንም እጠይቅዎታለሁ፦ የዕውሩን ዓይን የቀባው ማን ነው?