ያልተላኩ ሽማግሌዎች

"ሕዝቡ ሥራ ፈቷል" የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። እስቲ ደብረ ብርሃን መጥተው ይዩ። ገና በማለዳው ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የስልኩን መስታወት በጋቢው ጫፍ እየወለወለ፣ የአንዲት የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢንና የአንድ ወንደላጤ ባለሀብትን ፍቅር ቀጥ አድርጎ የሚጠብቅ ሕዝብ ነው ያለው። ያለ ደመወዝ። ያለ ውሎ አበል።

ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፤ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ። አያውቁንም። እሱ የነሱ ችግር ነው።

ነገሩ የተነሳው ልጅቷ ከለጠፈችው የእራት ፎቶ ነው። ዓሣ አለ፣ ሎሚ አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከክርን በታች የወንድ እጅ አለ። ጠባሴ አንዲት ካፌ ውስጥ ይህ እጅ ሲመረመር ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አንዲት እትዬ ፎቶውን በሁለት ጣታቸው ለጠጥ ለጠጥ እያደረጉ መጀመሪያ ሰዓቱ ላይ ደረሱ። ከሰዓቱ ወደ ሸሚዙ ቁልፍ፣ ከቁልፉ ወደ ማንኪያው፤ ለምን ቢባል ማንኪያው ላይ የሰው ፊት ብልጭ ይላል ተብሏላ!

"እሱ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"በምን አወቁት እትዬ?"

"ሹካ አያያዙ የሀብታም ነው።"

ማኪያቷቸው እስከዚያ በረዶ ሆኗል። ደብረ ብርሃን ላይ ትኩስ ነገር ሳይጠጡ ማቀዝቀዝ ምን ዓይነት መሥዋዕትነት እንደሆነ እዚህ የከረመ ያውቀዋል።

መቼም የሸዋ ሰው ጋብቻን በዋዛ አያይም። አባቶቻችን ልጅ ከመዳራቸው በፊት ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። መንዝ በሉ፣ ተጉለት በሉ፣ ቡልጋ በሉ፣ የሰውን ዘር እስከ ምንጅላቱ የሚዘረዝር ሽማግሌ አይጠፋም። እኛም ባህላችንን አልጣልንም። ሰባት ቤት እንቆጥራለን። የሰውዬውን። ቦሌ አንድ፣ ሲኤምሲ ሁለት፣ ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ሦስት። አራተኛው ላይ ጭቅጭቅ ተነስቶ ቆመናል፤ የራሱ ነው የሚልና የአክስቱ ነው የሚል ወገን አለ።

ድሮ ሽማግሌ ደጅ ይቆማል፣ ይለምናል፣ ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ስንት ጊዜ ይባክን ነበር! አሁን ማንም ሳይልከን እኛው ሄድን፣ እኛው ተቀመጥን፣ እኛው ልጅቷን ሰጠን፣ ማታ በቲክቶክ ላይቭ ደግሞ እኛው ከለከልን። ለልደቷ የላከላት አበባ ብቻ ነው ተብሎ ነዋ። "ሀብታም ሆኖ አበባ?" የሚለው ጥያቄ ቁልቁለቱን ወርዶ ደብረ ሲና ገብቷል። ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ይሄንኑ ላይቭ ድምፁን ለቀው እየሰሙ ሄድን። ጣልያን የቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ኔትወርኩ ጥርግ አለ። ያ ሁሉ ሰው ጨለማ ውስጥ ጸጥ። ከኋላ አንድ ጋሼ ብቻ፣ "እንዲያው ታርቀው ይሆን?" አሉ፤ ድምፃቸው የእውነት ያሳዝን ነበር። ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ቢያንኳኩ ማን ዞሮ ይያቸው፤ ሁሉም ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ወደ ላይ ሰቅሏል።

ፍርዳችንም ሚዛናዊ ነው። እሷ የወደደችው ለገንዘቡ ነው፣ ይህ ያለ ምስክር ተረጋግጧል። እሱ ግን ለምን ወደዳት ብሎ የጠየቀ የለም፤ ገንዘብ ያለው ወንድ ልቡ ንጹሕ መሆኑ የታወቀ ነውና። "ለመሆኑ የምታቀርበው ፕሮግራም ምንድነው?" ብዬ ጠይቄ ነበር። "ያ እንኳን... እንግዳ የሚጋብዙበት" ተባልኩ። ቀሚሷን ግን ከነገዛችበት ሱቅ ያውቁታል።

አንዳንድ ደረቅ ሰዎች ሕግ ይጠቅሱብናል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ላይ የሰው የግል ሕይወት ይከበር ይላል፣ አንቀጽ 34 ላይ ደግሞ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ይላል። በተጋቢዎቹ ብቻ! ያኔ ቲክቶክ ስላልነበረ ተከታዮችን ረስተዋቸው ነው እንጂ እንዲህ ዓይነት ግፍ አይጻፍም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ያው ነው። ዕድሜ፣ ሥጋ ዝምድና፣ ያልፈረሰ ጋብቻ እያለ መከልከያዎቹን ይደረድራል፤ "ፎቶዋን ላይክ ማድረግ አቁሟል" የሚል የትም የለም። በዚያ ላይ በክብር መዝገብ ለመጋባት ከአንድ ወር በፊት አሳውቁ ይላል። አንድ ወር! እኛ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ድረናት ሁለት ጊዜ አፋተናታል።

የሹካዋ እትዬ በቅርቡ የምሥራች ደረሳቸው አሉ። የራሳቸውን ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሁድ ከሰዓት እንደሚመጡ ከጎረቤት ሰሙ። ልጁ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ ምን ይሠራል፣ አንድም አልጠየቁ። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ "እሁድ እንኳን አይመቸኝም፤ እሁድ ልጅቷ ላይቭ እገባለሁ ብላለች" አሉ።