ክፍል 143 ላይ ላሉ ጀግኖቻችን

ሰሞኑን አንዳንድ ሰነፎች አንድ ጥያቄ ይዘው ተነስተዋል። «የትኛው ተከታታይ ድራማ ነው እስከ መጨረሻው ሊታይ የሚገባው?» ይላሉ። ጥያቄው ራሱ ያሳፍራል። ሦስት ክፍል ያያሉ አሉ፤ ካልጣማቸው ይተዉታል። ሦስት ክፍል! በሦስት ክፍል እኮ ዋናው ተዋናይ ገና ከመኪናው አልወረደም።

የእኛ ተመልካች ይህን ጥያቄ ከመለሰው ቆየ። መመዘኛው አንድ ነው፤ ጀምረኸዋል ወይስ አልጀመርከውም? ከጀመርከው አለቀ፣ ትከታተለዋለህ። ታሪኩ ያስኬዳል አያስኬድም፣ ትወናው ያሳምናል አያሳምንም የሚለው ሥራ ፈት ሰው የሚያነሳው ወሬ ነው። እኛ ቃል የገባን ሰዎች ነን። ለማን እንደገባን ባናውቅም ገብተናል።

እስቲ ይህን ጽናት ሌላ ቦታ ፈልጉ። ጂም ተመዝግቦ ሁለት ጊዜ ሄዶ የቀረ ሰው፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ጀምሮ ያቋረጠ ሰው፣ ለእድር ስብሰባ አንድ ሰዓት አርፍዶ የሚመጣ ሰው፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ግን ሶፋው ላይ ነው። አንዲት ደቂቃ አያሳልፍም። እንዲያውም ቀደም ብሎ ይገኛል፤ «ባለፈው ክፍል» የሚለውን ማስታወሻ ላለማጣት። ባለፈው ክፍል ምንም እንዳልተፈጠረ በሚገባ ያውቃል። ግን ያንን ምንም ነገር ደግሞ ማየት ይፈልጋል።

አንድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። እናት ሪሞቱን በነጠላቸው ሸፍነው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ልጅ ኳስ ማየት ፈልጎ ይቁነጠነጣል።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ዝም በል አንተ! ልታገባ ነው።»

«ባለፈው ሳምንትም ልታገባ ነበር እኮ።»

«ያኔ ሌላውን ነው።»

«ታዲያ ደስ ይልሻል?»

«ምን ደስ ይላል፣ ያናድዳል እንጂ! ግን የዚያችን ክፉ አማት መጨረሻ ሳላይ አልሞትም።»

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አድንቁልኝ። ሴትዮዋ ድራማውን አይወዱትም። አንዱንም ገጸ ባሕሪ አይወዱም። ዕድሜያቸውን ግን ከአንዲት ኢስታንቡል ከምትኖር አማት ዕጣ ፈንታ ጋር አስረውታል። እንዲህ ያለ የዓላማ ጽናት ያለው ሰው አገር ያቀናል።

ሥራው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በተለይ የአገር ቤቱን ድራማ መከታተል ጉልበት ይጠይቃል። መኪና ይመጣል። ክላክስ ይነፋል። ዘበኛው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ጋቢውን ያስተካክላል፣ በሩን ይከፍታል። አንዱን ብቻ አይደለም፣ ሁለቱንም መዝጊያ። መኪናው ይገባል። ይዞራል። ይቆማል። ባለቤቱ ይወርዳል፣ በቁልፉ «ጢው» ያደርጋል፣ ደረጃውን ይወጣል። ሳሎን ውስጥ ሚስት ቆማለች። ግቡ ይባላል፣ ኖር ይባላል። «ሻይ ወይስ ቡና?» «ውሃ ይበቃኛል።» ሠራተኛዋ ትጠራለች። ውሃው በትሪ ይመጣል። ይጠጣል፤ እስከ መጨረሻው። ብርጭቆው ይመለሳል። ከዚያ እሱ «አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» ይላል። ሙዚቃው ድው! ካሜራው ፊቱ ላይ። ካሜራው ፊቷ ላይ። ካሜራው ሠራተኛዋ ላይ፤ የሷን ፊት ለምን እንዳየነው አምላክ ይወቅ። ስልክ ይጠራል። ይቀጥላል።

እውነተኛው ተመልካች ግን እዚህም አይነሳም። ምስጋናውን ያነባል። ሳሎኑን የፈቀደውን ሆቴል፣ ሱፉን የሰጠውን ቡቲክ፣ ሶፋውን ያዋሰውን የፈርኒቸር ቤት፣ የሚስቲቱን ጸጉር የሠራውን ሳሎን፣ ሁሉንም በየስማቸው ይሸኛል። አንዳንዴ በዚያ ምሽት የነበረው ብቸኛ አዲስ መረጃ ይኸው ነው።

ገጸ ባሕሪም ይጠፋል። ትናንት የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሰው ዛሬ «ለትምህርት ውጭ ሄዷል» ይባላል። ተዋናዩ ቪዛ መትቶለት አሜሪካ መግባቱን ሰፈር ሁሉ ያውቃል። ማንም አይቆጣም። እንዲያውም እሱ ራሱ ዋሽንግተን አካባቢ ሆኖ፣ ከሥራ ወጥቶ፣ ጥሎት የሄደው ድራማ የት እንደደረሰ በዩቲዩብ ይከታተላል። ከዚህ በላይ ታማኝነት አለ?

አሁን ደግሞ ስለ መካሪዎቻችን። እያንዳንዳችን አንድ አለን። «ጀምረው፣ አትጸጸትም» ይላል። ትጀምራለህ። አሥረኛው ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል። ትደውልለታለህ።

«ኧረ ገና ነህ! እስከ አርባ ታገስ። አርባ ላይ ነው የሚጀምረው።»

ትታገሳለህ። አርባ ላይ ዝናብ ይዘንባል፣ ልጅቷ መስኮት ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ትደውላለህ።

«አርባ አልኩህ እንዴ? ሰባ ነው። ሰባ ላይ ይፈነዳል።»

ሰባ ላይ ያቺው ልጅ ነች፣ ያው መስኮት ነው፣ ዝናቡ ብቻ አባርቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ይህን ድራማ ሳያዩ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን መካሪው ነው። ደግመህ ስትደውልለት በጣም ተረጋግቶ «እኔ እኮ ከተውኩት ቆየሁ፣ አሁን ሌላ ጀምሬያለሁ» ይልሃል። ይህ ሰው ከዳተኛ እንዳይመስላችሁ። ሐዋርያ ነው። ሐዋርያ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ አንተን አጥምቆ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ብቅ ሲል ብዙ ጭቅጭቅ ነበር። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃወሙ። ባህል ይበረዛል ተባለ፣ ሕፃናት ይበላሻሉ ተባለ። ማንም ግን ዋናውን ጉዳይ አላነሳም፤ ሂሳቡን። የቱርክ ድራማ በአገሩ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ነው የሚታየው፤ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ይቆራረጣል። በአማርኛ «ጥቁር ፍቅር» ተብሎ የታየው፣ አገሩ ላይ 54 ክፍል የነበረው ሥራ፣ ለውጭ ሲሸጥ 164 ክፍል ሆኗል። እንግዲህ አስቡት። ቱርኩ 54 ጊዜ ብቻ ነው ልቡ የተንጠለጠለው። የእኛ ሰው 164 ጊዜ። በዚያ ላይ የተዋናዩ አፍ ገና እየተንቀሳቀሰ ድምፁ ያልቃል፤ ያንንም ችለን ነው።

በዚህ ዘርፍ ፈረንጅም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። «ጋይዲንግ ላይት» የሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1937 በሬዲዮ ተጀመረ። በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ዞረ። ያበቃው በ2009 ነው። 72 ዓመት! በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ መስማት የጀመረ ሕፃን፣ ጡረታ ወጥቶም አላለቀለትም። «ዳላስ» ደግሞ ሌላ ውለታ ዋለ። ቦቢ የተባለውን ሰውዬ በ1985 ገደለው። ተመልካች አለቀሰ፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያለ እሱ ተከታተለ። በ1986 ሰውዬው ሻወር ሲወስድ ተገኘ። ለካስ የሞተው በቀድሞ ሚስቱ ሕልም ነው። 31 ክፍል ያለው ምዕራፍ ሙሉውን ሕልም ሆኖ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ቴሌቪዥኑን በመስኮት ይወረውር ነበር። ድራማው ግን ከዚያ በኋላም ዓመታት ቀጠለ። ተመልካቹ ተቀምጦ ነበራ!

ከእኛ ዘንድ የማዝነው በአንድ ነገር ነው። በ1994 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የሚባል የሬዲዮ ድራማ ተጀመረ። ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ሊያስተምር ነው የተነሳው። ሰው ሬዲዮው ሥር ተሰብስቦ ይሰማው ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? በ1997 ዓ.ም. በ257ኛው ክፍል አለቀ። አለቀ! የሚለውን ብሎ ጨረሰና ሄደ። ማንንም ሳያገት፣ ማንንም ሕልም ነው ሳይል። እንዲህ ያለ ነገር ተመልካችን ክፉ ልማድ ያስተምራል፤ «የምትሉትን ጨርሳችሁ ሂዱ» ማለት ይጀምራል።

ሳይንስም በጉዳዩ ገብቷል። አርክስና ብሉመር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ጥናት አለ። አንድ ዩኒቨርሲቲ የዓመት የቲያትር ትኬት ሲሸጥ ለአንዳንዱ በሙሉ ዋጋ በ15 ዶላር፣ ለአንዳንዱ ሳይታሰብ በቅናሽ እንዲሸጥ አደረጉ። ከዚያ ማን ይመጣል ብለው ቆጠሩ። ሙሉ ዋጋ የከፈሉት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሌሎቹ ይልቅ አዘውትረው መጡ። ቲያትሩ በልጦባቸው አይደለም፤ ብራቸው ቆጭቷቸው ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ተመራማሪዎቹ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ለማለት ነው ይህን ሁሉ የደከሙት። እኔ ግን ያነበብኩት ሌላ ነው። አሜሪካዊ በግማሽ ዓመት ቁጭቱ ወጣለት! የእኛ ሰው ወደዚያ ጥናት ቢገባ ቁጥሩን ሁሉ ያበላሽባቸው ነበር። እሱ በሁለተኛው አጋማሽ ይብስበታል። «ይሄን ሁሉ አይቼማ አሁን አልተወውም» የሚለው ክፍል 90 ላይ ነው፤ ክፍል 120 ላይ ደግሞ ጎረቤት ጨምሮ ይመጣል። እሱ ደግሞ አንዲት ሳንቲም አልከፈለም። የከፈለው ምሽቱን ብቻ ነው፤ ምሽት ደግሞ ነገም ይመጣል።

መብራት የሄደ ዕለት ይህን ሕዝብ ማየት ነው። ቧንቧው ከደረቀ ሳምንት አልፎት አንድም ሰው ስልክ ያልደወለበት ሰፈር፣ በዚያች ሰዓት ቆጣሪ ለቆጣሪ ይሯሯጣል። አንዱ ጄኔሬተር ወዳለው ቤት ይሮጣል። አንዱ የወር ጥቅሉን በስልኩ ላይ ይጨርሳል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መብራቱ ይመጣል። ምን አመለጠን ተብሎ ይጠየቃል። ያመለጠው የውሃው ብርጭቆ ነው።

ያቋረጠ ሰው ግን ወዮለት። ቡና ላይ ሲቀመጥ ይታወቃል። ወሬው የሱን ጆሮ አልፎ ይሄዳል። «እኔ እንኳ ትቼዋለሁ» ካለ ሁሉም በሐዘኔታ ያየዋል፤ አንዷ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ምነው፣ ሰላም አይደለህም እንዴ?» ትለዋለች። መጽሐፍ እያነበብኩ ነው ቢል ነገሩ ይከብዳል። በጊዜ መተኛት ጀምሬያለሁ ቢል ደግሞ ሐኪም ይጠቆመዋል።

እናም ለጀማሪዎች አጭር ምክር አለኝ። ድራማ ስትመርጡ ስለ ታሪኩ አትጠይቁ። ስንት ክፍል እንደሆነ ጠይቁ። ስምንት ክፍል ነው ካሏችሁ እለፉት፤ ስምንት ክፍል ምኑ ይያዛል? ገና አማቶቹ ሳይጣሉ ያልቃል። ስድሳ ከሆነ አስቡበት። «እስካሁን አላለቀም» ካሏችሁ ዛሬውኑ ጀምሩ። መጀመሪያው እንዳያመልጣችሁ አትጨነቁ፤ ክፍል 80 ላይ ብትገቡም ክፍል 2 ላይ የተጠየቀው ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

መጨረሻው የመጣ ዕለት ደግሞ ተዘጋጁ። ሰርጉ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ክፉዋ አማት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቅርታ ትጠይቃለች። የጠፋው ልጅ ከየት እንደመጣ ሳይነገር በር ላይ ቆሞ ይገኛል። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። «ይሄ ነው እንዴ መጨረሻው? ይሄን ለማየት ነው?» አባት ሪሞቱን ይወረውራል። እናት «ዕድሜዬን በሉት!» ይላሉ። በዚህ መሀል ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይወጣል፤ «ምዕራፍ ሁለት፣ በቅርብ ቀን»። ጩኸቱ ይቆማል።

«በስንት ሰዓት ነው የሚለው?» ይላሉ አባት፣ ሪሞቱን ከሶፋው ሥር እየፈለጉ።